ነፋስን የገራ ሣር

ከሰሜን ሸዋ ደጋዎች መካከል፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ባሻገር፣ የመንዝ ምድር ከፍ ብሎ ሰማይ የሚጠጋበት አምባ አለ። ጓሳ ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ደጋ ስሙን የወሰደው ከለበሰው ሣር ነው። ሣሩ ቀጭንና ጠንካራ ቅጠል ያለው፣ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየሆነ የሚቆም፣ ውርጭ የማይበግረው ነው። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከዚያ ገደል አፋፍ የሚወጣው ነፋስ ሣሩን አስተኝቶ ያልፋል፤ ሣሩም ነፋሱ ሲያልፍ ተመልሶ ይቆማል።

የመንዝ ሰው ለዚህ ሣር ያልሰጠው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ቤቱን ይከድንበታል፤ ዝናም ሲመጣ የሚደርበውን ገሳ ይሠራበታል፤ ቅርጫትና ምንጣፍ ያበጅበታል፤ ከዚህም ሁሉ ጋር ገመድ ይገምድበታል። አንዲት የጓሳ ቅጠል ብቻዋን ስትሆን ሕፃን ልጅ ይበጥሳታል። ጥቂት ቅጠሎች በመዳፍ መካከል ወደ አንድ አቅጣጫ ሲከርሩ፣ ሁለት እንዲህ ያሉ ክሮች ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ አንድ ላይ ሲጠመዘዙ ግን፣ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ቅጠሉ ሲያልቅ ሌላ ቅጠል ይቀጠልበታል፤ እንዲህ እየተባለ ክንድ የማይሞላ ሣር በሬ የሚያስር፣ ጣራ የሚጠፍር ገመድ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል በዚህ ሥራ ላይ የተነገረ ይመስላል።

ታዲያ ባሕር አይቶ የማያውቀው የደጋ ሣር ከመርከብ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሰው ልጅ ነፋስን በባሕር ላይ ማገልገያው ያደረገበት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በሸራ ስም ነው። ሸራ ይታያል፤ ከሩቅ ያምራል፤ ሠዓሊም ባለቅኔም ያነሣዋል። ነገር ግን ሸራ ነፋስን ይቀበላል እንጂ አይገዛውም። የሚገዛው ገመድ ነው። ገመድ ደግሞ በመሠረቱ ሣር፣ ልጥና ቃጫ ነው። ይህንንም እውነት ከሌሎች ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው ነፋስን ከኋላ አድርጎ የመጓዝ ጥበብ ሲሆን፣ በዚህ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ የራሷ ድርሻ አላት።

የኋላ ነፋስ

ባሕርን የማያውቅ ሰው፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ለመርከበኛ ከዚህ የሚሻል ዕድል የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በጥንት ዘመን የነበረው መርከብ አንድ ሰፊ ሸራ በምሰሶው ላይ አግድም ሰቅሎ፣ ነፋስ ከኋላ ሲነፍስለት የሚሄድ፣ ሳይነፍስለት ሲቀር ቀዛፊ የሚፈልግ ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን ነፋስን በጎን እየተቀበለ፣ እየተጠማዘዘም ወደ ነፋሱ መምጫ ሊወጣ የሚችል የሸራ ዐይነት ተስፋፋ። የዛሬዎቹ የመዝናኛና የረጅም ጉዞ ጀልባዎች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ዋናው ሸራ በአንድ ጠርዙ ከምሰሶው ጋር ተያይዞ፣ በግርጌው ባለው አግድም እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ እንደ በር ወዲያና ወዲህ ይዞራል።

እንዲህ ያለ ጀልባ ከነፋሱ ጋር በሚሟገትበት ጊዜ ጨዋ ነው፤ ነፋስ ከኋላው ሲመጣ ግን ያስቸግራል። ሸራው ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ስለሚወጣ ኀይሉ ሁሉ በዚያ ወገን ይሆናል፤ ጀልባዋም ግንባሯን ወደ ጎን ለማዞር ትታገላለች። መሪውን የያዘው ሰው ለአፍታ ቢዘናጋ ነፋሱ በሸራው ጀርባ ይገባና ከባዱ እንጨት ከዳር እስከ ዳር ተወርውሮ ያገኘውን ይመታል። ይህ ለአንድ ሰዓት ከሆነ ይቻላል። ውቅያኖስን ለሚያቋርጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ላለው ጀልባ ግን ሌሊትና ቀን ለሳምንታት መሪ ይዞ መትጋት ከሰው ኀይል በላይ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የተገኘው በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 አይርላንዳዊው ኦትዌይ ዎለር፣ በ1933 ደግሞ አትላንቲክን ብቻውን ያቋረጠው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማረን ማሪ ከሥራው ፋና ወጊዎች መካከል ይቆጠራሉ። ዘዴው ቀላል ነው። ዋናው ሸራ ይወርዳል። በእርሱ ፈንታ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ሸራዎች ከጀልባዋ ግንባር ላይ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይሰቀላሉ። የእያንዳንዳቸውም የውጭ ጥግ ከምሰሶው በሚወጣ ረጅም ዘንግ ወደ ጎን ተገፍቶ ይያዛል። ጀልባዋ ሁለት ክንፎቿን የዘረጋች ወፍ ትመስላለች። ኀይሉ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ፣ የሚስባትም ከፊት ስለሆነ፣ በቅሎ ከፊት እንደሚጎትተው ጋሪ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

የዘዴው ዋና ብልኀት ግን በክንፎቹ ላይ ሳይሆን ከክንፎቹ ጫፍ ወደ ኋላ በሚመለሱት ሁለት ገመዶች ላይ ነው። ገመዶቹ ከጀልባዋ ጎን ለጎን አልፈው፣ በመዘውር ተጠምዝዘው፣ ከመሪው እጀታ ጋር ይታሰራሉ። የጀልባዋ ግንባር ወደ ግራ ቢያዘነብል ነፋሱ በግራው ሸራ ላይ ይበረታል፤ ግራው ሸራ ገመዱን ይስባል፤ ገመዱ የመሪውን እጀታ ወደ ግራ ይጎትታል፤ እጀታው ወደ ግራ ሲሄድ ጀልባዋ ወደ ቀኝ ትመለሳለች። ወደ ቀኝ ብታዘነብልም ሌላው ገመድ እንደዚሁ ያደርጋል። ሰው ተኝቶ ነፋስና ገመድ እየተነጋገሩ መንገዱን ያገኙታል።

ጉድለትም አለው። ክንፎቿን የዘረጋችው ጀልባ ከጎን የሚደግፋት ነፋስ ስለሌላት እንደ አልጋ ሕፃን ከጎን ወደ ጎን ስትወዛወዝ ትሰነብታለች። ገመዱም ከእንጨትና ከብረት ጋር ቀን ከሌት ሲፋተግ ያልቃል፤ ስለዚህም ብልኅ መርከበኛ ጠዋት ሲነሣ አስቀድሞ የሚመለከተው ሰማዩን ሳይሆን ገመዱን ነው። የተላጠ ካገኘ ቆዳ ወይም ጨርቅ ይጠመጥምበታል። ገመዱ ከተበጠሰ ሁለቱ ክንፎች ሁለት የተቀደዱ ጨርቆች ናቸው።

በገመድ የተሰፋ መርከብ

ገመድ መርከብን ሲመራ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዐሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት፣ የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ጶንጥ ምድር መርከቦች ልካ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ጶንጥን የሚያኖሩት በአፍሪካ ቀንድ፣ በዛሬዎቹ ኤርትራና ኢትዮጵያ አካባቢ ነው። ዴር ኤል ባሕሪ በሚባለው መቅደሷ ግድግዳ ላይ መርከቦቹ ከነጭነታቸው ተቀርጸዋል። በእያንዳንዱ መርከብ ላይ ከፊት እስከ ኋላ፣ በባላዎች ላይ ተደግፎ የሚያልፍ ወፍራም ገመድ ይታያል። ሥራውም የመርከቡ ሁለት ጫፎች በማዕበል ላይ እንዳይዘቅጡ ወጥሮ መያዝ ነው።

በአክሱም ዘመንም ገመድ ከዚህ የበለጠ ኀላፊነት ነበረው። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ በሕንድና በቀይ ባሕር የሚመላለሱት መርከቦች ሳንቃዎቻቸው በብረት ምስማር ያልተመቱ፣ ዝፍትም ያልተቀቡ፣ በገመድ የተሳሰሩ እንደነበሩ ይተርካል። በዘመኑ ሰዎች ዘንድ፣ በዚያ ባሕር ብረት የሚስቡ ዐለቶች ስላሉ ምስማር ያለው መርከብ ይፈርሳል የሚል ወሬ ነበር። ፕሮኮፒዮስ ግን ብረት የበዛባቸው የሮማውያን መርከቦች በዚያው ባሕር በደኅና እንደሚመላለሱ አስታውሶ ወሬውን ውድቅ ያደርገዋል። ምክንያቱ የብረት እጥረት ነው ይላል፤ ሮማውያን ብረት እንዳይሸጥላቸው በሕግ ከልክለው ነበርና። ሆኖም በገመድ የተሰፋ መርከብ የድኻ መርከብ ብቻ አልነበረም። ሳንቃው ከሳንቃው ጋር ጥቂት እየተላወሰ የማዕበሉን ኀይል ያሳልፋል፤ ድርቅ ያለው ምስማር እንጨቱን በሚሰነጥቅበት ቦታ ገመድ ይለጠጥና ይመለሳል።

የአዱሊስ ነጋዴ ወደ ሕንድ የሚሄደውና የሚመለሰው የወቅት ነፋስን ጠብቆ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋዎች ክረምት በሚሆንበት ወራት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከደቡብ ምዕራብ፣ በበጋው ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ይህ ነፋስ፣ ወቅቱን ላወቀ ሰው በመሄጃውም በመመለሻውም የኋላ ነፋስ ይሆናል። ዐፄ ካሌብ በ525 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ ሒምያር በዘመቱ ጊዜም ሠራዊታቸው ቀይ ባሕርን የተሻገረው በአዱሊስ ወደብ በተሰበሰቡ መርከቦች ነበር። በነዚያ መርከቦች ላይ ንጉሥና ወታደር፣ ፈረስና ስንቅ ተጭኗል። ያን ሁሉ ግን አንድ ላይ ይዞ ያሻገረው ስሙ ያልተጻፈ ገመድ ሠሪ ነው።

አዱሊስ ከሰባተኛው ምዕተ ዓመት በኋላ ስትከስም የደጋው ሰው ከባሕር ራቀ። የገመድና የውኃ ጥበብ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ወደ ሐይቅ ገባ።

ደንገልና ወይጦ

ጣና ሐይቅ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተኝቷል። በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል፣ የጥንት ግብጻውያን መጻፊያ ያበጁበት የነበረው ተክል ነው። በግብጽ ምድር በዐባይ ዳር እንደ ደን ቆሞ የነበረው ደንገል ከዘመናት በኋላ ከዚያ ሲጠፋ፣ በዐባይ ራስ በጣና ግን ኖረ። ከእርሱም ጋር ታንኳው ኖረ።

የታንኳ ሥራ በተለይ የወይጦዎች ሙያ ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፤ በፀሐይ ይደርቃል፤ ነዶ ነዶ ሆኖ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጣምረው ግንባሩ ወደ ላይ ቀና ይላል። ምስማር የለበትም፤ መጋዝ አይነካውም። ከሥሩ እስከ ጫፉ ሣርና ማሰሪያ ነው። ከዘጌ ልሳነ ምድር ማገዶ፣ ከወዲህ እህል፣ ከገዳም ወደ ገዳም መነኵሴ ሲያመላልስ ኖሯል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ስለዚህ የታንኳ ሠሪ እጅ ዕረፍት የላትም፤ ዕውቀቱም እንደ ሐውልት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም። በየወራቱ እንደገና ካልተሠራ ይጠፋል።

ይህን ሙያ ይዘው የኖሩት ሰዎች የተከፈላቸው ብድራት መናቅ ነበር። ወይጦዎች ጉማሬ አዳኞች በመሆናቸውና ሥጋውንም በመብላታቸው ጎረቤቶቻቸው አይቀርቧቸውም፤ በአንድ ማዕድ አይቀመጡም፤ በጋብቻ አይዛመዱም ነበር። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሆኑ ዘመናት አልፈዋል። በሐይቁ ደሴቶች ላይ የተቀመጠው ብራና፣ ሥዕልና መስቀል የሀገር ቅርስ ሆኖ ሲከበር፣ ብራናውንና ሠዓሊውን በሐይቁ ላይ ያሻገረው ሰው ከአገሬው ቁጥር ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ኖረ። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን የናቀ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪውንም ቢንቅ የሚያስገርም አይደለም። የሚያሳዝነው ንቀቱ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም መጋረዱ ነው።

የተጣለው ገመድ

በ1961 ዓ.ም. የጣና ደንገል ዓለም ያልጠበቀውን ጉዞ ጀመረ። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል፣ ጥንታውያን ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር በተግባር ለማሳየት ተነሣ። ለሥራው የሚበቃ ደንገል በግብጽ አልተገኘም፤ ስለዚህ 12 ቶን የሚያህል ደንገል ከጣና ዳር ታጨደ። ከደጋው ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ፣ በመርከብ ወደ ስዊዝ ተሻግሮ፣ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ተከመረ። ጀልባውን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ስሙም በጥንት ግብጻውያን የፀሐይ አምላክ «ራ» ተባለ። የደንገል ዐዋቂዎች ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ በስብሶ ይሰጥማል ብለው ተነበዩ።

ራ 15 ሜትር ርዝመት ነበረው። ለስላሳው የደንገል ወለል አንድ ምሰሶ ሊሸከም ስለማይችል ምሰሶው እንደ ሰው ሁለት እግር ነበረው፤ በላዩም አንድ ሰፊ ሸራ ተሰቀለ። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ሰባት ሰዎች ይዞ ተነሣ። ሰባቱ ከሰባት አገር የመጡ ነበሩ፤ ኖርዌያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ሶቪየታዊ፣ ጣልያናዊ፣ ሜክሲኳዊ፣ ግብጻዊና ቻዳዊ። ያውለበለቡት የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ ነበር። መንገዳቸውም የንግድ ነፋስ የሚባለው፣ ከሰሜን ምሥራቅ ሳያቋርጥ እየነፈሰ የአውሮፓን መርከቦች ለዘመናት ወደ አሜሪካ ሲገፋ የኖረው ነፋስ ነው። ማረን ማሪ ሁለት ክንፍ ዘርግቶ የተጓዘውም በዚሁ መንገድ ነበር።

ደንገሉ የዐዋቂዎቹን ትንቢት አፈረሰ። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ አንድ ወር አለፈ፤ የጣና ሣር በአትላንቲክ ጨው ውኃ ውስጥ ጠንክሮ ተንሳፈፈ። የጀልባው ኋላ ግን ቀስ በቀስ እየዘቀጠ ሄደ። ማዕበሉ በኋላ በኩል እየገባ ተኛበት። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ያሉት ማሰሪያዎችም በመኝታው ጎጆ መላወስ እየተፋተጉ ላሉ፤ ነዶዎቹም መበተን ጀመሩ።

ምክንያቱ የታወቀው ባሕር ላይ ነው። በጥንት የግብጽ ሥዕሎች ላይ ቀና ብሎ ወደ ውስጥ ከሚጠመዘዘው የጀልባው ጭራ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ አለ። የራ ሠሪዎች ይህን ገመድ የተረዱት የጭራውን ጥምዝ ለመያዝ ብቻ የተበጀ አድርገው ነበር። ጭራው ቅርጹን ከያዘ በኋላ ገመዱ መንገድ ከመዝጋት በስተቀር ጥቅም ስላልታየበት ቀረ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነበር። ገመዱ ጭራውን ወደ ታች የሚጎትት ሳይሆን፣ ጭራው በገመዱ አማካይነት የጀልባውን ኋላ ወደ ላይ የሚያነሣ ነበር። ጭራው ደጋን፣ ገመዱ የደጋኑ ጅማት ነው። ለጌጥ ያለ የመሰለው ነገር ሸክሙን ተሸክሞ ኖሯል።

ስምንት ሳምንት ያህል ተጉዞ፣ 5000 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ፣ ካሪቢያን ደሴቶች ሊደርስ የጥቂት ቀን መንገድ ሲቀረው ራ ሐምሌ 11 ቀን 1961 ዓ.ም. ተተወ። የወደቀው በሣሩ ድካም አልነበረም። የወደቀው አንድ ገመድ ምን እንደሚይዝ ስላልተጠየቀ ነው።

በዓመቱ ሌላ ጀልባ ተሠራ። ደንገሉ እንደገና ከጣና መጣ። ሠሪዎቹ ግን በዚህ ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት አይማራዎች ነበሩ። እነርሱ ሁለት ታላላቅ የደንገል ጥቅሎችን ከመካከለኛው ትንሽ ጥቅል ጋር ከፊት እስከ ኋላ ሳይቋረጥ በሚዞር ገመድ ጠፍረው አጣመሩ። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ጥቅሎቹ እየተቀራረቡ አንድ አካል ሆኑ። ጀልባው ከቀድሞው ያጠረ፣ 12 ሜትር ያህል ነበር፤ ጭራውም ጅማቱን አገኘ። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥቶ፣ በ57 ቀን 6100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሐምሌ 5 ቀን በባርቤዶስ ወደብ ገባ። ከዐባይ ምንጭ የታጨደ ሣር፣ ከቲቲካካ በመጣ እጅ ታስሮ፣ ውቅያኖስ ተሻገረ። ታላቁን ታሪካዊ ክርክር፣ ማለትም ጥንታውያኑ በርግጥ ተሻግረው እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ይህ ጉዞ አልፈታውም፤ መቻላቸውን እንጂ ማድረጋቸውን አያረጋግጥምና። ለሣሩና ለገመዱ ግን ምስክር ሆኖላቸዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጣና ታንኳ ሠሪ ስም አልተነሣም። ደንገሉ ከእርሱ ሐይቅ ሄደ፤ ጥበቡ ከቻድና ከቲቲካካ መጣ። ራሳቸውን ያልተናቁ አድርገው የሚያዩ ሌሎች የሐይቅ ሰዎች እጃቸውን ለዓለም ሲያሳዩ፣ የወይጦ እጅ ከዘጌ ማገዶ ማመላለሱን ቀጠለ።

ሄየርዳል ወደዚህ አካባቢ አንድ ጊዜ ተመልሷል። በኢራቅ ከሚበቅል ሸንበቆ የተሠራው «ትግሪስ» የሚባለው ጀልባው ከአምስት ወራት ጉዞ በኋላ ጅቡቲ ደረሰ። ወደ ቀይ ባሕር ሊገባ ቢፈልግም በዙሪያው ያለው አገር ሁሉ በጦርነት ላይ ነበርና መንገዱ ተዘጋ። መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ጀልባውን በባሕሩ ላይ አቃጠለው፤ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊም በአፍሪካ ቀንድ የሚፈሰውን ደምና ወደዚያ የሚጎርፈውን መሣሪያ የሚቃወም ደብዳቤ ላከ። ጀልባው ገና ይንሳፈፍ ነበር። የጠፋው ሣሩ ስለበሰበሰ ሳይሆን ሰው ከሰው ስላልታረቀ ነው።

ቄሮ

አሁን ወደ ጓሳ መመለስ ይገባል፤ የተጣለ ገመድ ታሪክ በባሕር ላይ ብቻ የተፈጸመ አይደለምና።

በመንዝ እንደሚነገረው፣ ጓሳን በወግ መጠበቅ የተጀመረው በዐሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት፣ አስቦና ጌራ በሚባሉ አባቶች ነው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። የርስት ባለቤቶቹ አባ ቄራ የሚባል ጠባቂ አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳው ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሣር የሚያጭድ፣ ከብት የሚያሰማራ፣ ጭረንፊ የሚለቅም አይገባም። ሣሩ ሲረዝምና ሲጠነክር በስብሰባ ይከፈታል፤ በበጋው ሕዝቡ ይገባል፤ ክረምት ሲሆን በሐምሌ አቦ ሁሉም ይወጣል። የጣራ ሣርና የገመድ ሣር የሚገኘው በዚህ ትዕግሥት ነበር። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በዚያ ደጋ የኖሩትም በዚሁ ትዕግሥት ጥላ ሥር ነው።

ቄሮ ንጹሕ አልነበረም። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ርስተኞች ነበሩ፤ ከዚያ ዘር ያልተቆጠረ ሰው በጓሳው ዳር እየኖረ ከጓሳው ይከለከል ነበር። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ወደቀ። የተከለከለው ሰው መብቱን አገኘ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ከአድልዎው ጋር የመጠበቂያው ወግም ተጥሏልና ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባ፤ ሣሩ ሳይጠነክር ታጨደ፤ ግጦሹ ዕረፍት አጣ። ገመዱ መንገድ ዘግቷል ተብሎ ሲቆረጥ፣ ኋላው መዝቀጥ ጀመረ።

የመንዝ ሰዎች ግን ጀልባቸውን አልተዉም። በጓሳው ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች በኮሚቴ ተሰባስበው ጥበቃውን እንደገና አቋቋሙ፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት ዕውቅና ሰጠው። ዛሬ ሥፍራው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ይታወቃል። አዲሱ ሥርዓት የድሮውን እንዳለ አልመለሰም፤ በዘር ሐረግ ምትክ በዙሪያው የሚኖረውን ሁሉ አባል አደረገ፤ የመዝጋትና የመክፈትን ወግ ግን ያዘ። ሁለተኛው ራ ከመጀመሪያው የተሻለው እንዲሁ ነው። የቀደመውን ሁሉ በመድገም አልነበረም፤ ሸክም የሚሸከመው ገመድ የትኛው እንደሆነ በመለየት ነበር።

ጣና ግን ይህን ዕድል ገና አላገኘም። ደንገል የቆመበት ረግረግ እየታረሰና ከልክ በላይ እየታጨደ ጠብቧል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም እምቦጭ የሐይቁን ዳርቻ እየወረረ ነው። ደንገሉ ሲጠፋ ታንኳው ይጠፋል፤ ታንኳው ሲጠፋም የወይጦ እጅ የምታውቀው ነገር ሁሉ፣ የትኛው ደንገል መቼ እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ማሰሪያው የት ላይ እንደሚጠብቅና የት ላይ እንደሚላላ፣ ካልተጻፈና ካልተማረ አብሮ ይጠፋል። ቋንቋቸው በጠፋ ጊዜ የመዘገበ አልነበረም። የእጃቸው ጥበብ ከመጥፋቱ በፊት የባህል ተመራማሪዎች፣ ሠዓሊዎችና ጸሐፍት በዘጌና በባሕር ዳር ዳርቻ ተቀምጠው ሊማሩትና ሊመዘግቡት ይገባል። መምህሩም ሊከበር ይገባል፤ የተናቀ መምህር የሚያስተምረው ደቀ መዝሙር አያገኝምና።

በጓሳ ሕዝቡ ለሐምሌ አቦ ደጋውን ለሣሩ ትቶ የሚወጣበት ዕለትና ሁለተኛው ራ ባርቤዶስ የገባበት ዕለት አንድ ነው፤ ሐምሌ 5። በዚያች ቀን በአንዱ ሥፍራ ሣር እንዲያድግ ይተዋል፤ በሌላው ሥፍራ ያደገ ሣር ምን እንደሚችል ታየ። ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው አይኖርም። ነፋስ በየዘመኑ ይነሣል፤ ሸራም በየዘመኑ ይሰቀላል። ነፋሱን የሚገራው ግን በትዕግሥት ያደገ ሣር፣ በኅብረት የተገመደ ገመድ፣ ገመዱም ምን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው ነው።